ፍለጋው ከፓኔሉ ይጀምራል

(ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ቦሌ አካባቢ የሚገኝ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል የጥገና ኃላፊ ናት። ሌላው ዕድሜያቸውን በእሳት ማስጠንቀቂያ ተከላና ጥገና ያሳለፉ ቴክኒሺያን ናቸው።)

ኃላፊዋ፦ ጋሼ፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸው ዲቴክተሩ፤ ከአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ነው የነቀልነው። መርካቶ ይዤው ሄጄ አንድ ባለ ሱቅ «ይሄንኑ የሚመስል አለኝ፣ ቤዙ ላይ ልክ ይገባል» አለኝ። ዋጋውም አስመጪዎቹ ከሚሉት በጣም ያነሰ ነው። ግዢ ክፍል ደግሞ «ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለ ይወተውተኛል።

ቴክኒሺያኑ፦ እሱን ለጊዜው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ፓኔላችሁ የማን ሥሪት ነው?

ኃላፊዋ፦ ፓኔሉማ ደህና ነው፤ አረንጓዴ መብራቱ እንደበራ ነው። የተበላሸው ዲቴክተሩ ነው።

ቴክኒሺያኑ፦ ገብቶኛል። ግን የትኛው ዲቴክተር እንደሚሆን የሚወስነው ፓኔሉ ነው። ሰው ሁሉ የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል ይዞ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ባለ ሱቁም የሚያየው ቅርፁንና ቀለሙን ነው። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ነጭ ክብ ፕላስቲክ ደግሞ የትም አገር ቢሠራ ይመሳሰላል። የፓኔሉን ሞዴል ከነካርዶቹ ቁጥርና ከነሶፍትዌሩ ቅጂ ሳትይዢ ከቤት አትውጪ።

ኃላፊዋ፦ ቤዙ ላይ ከገባ፣ ትንሿ መብራትም ብልጭ ካለች ምን ቀረው?

ቴክኒሺያኑ፦ ዋናው ነገር ቀረ። ከቀላሉ ልጀምርልሽ። ኮንቬንሽናል የሚባለው ዓይነት ላይ ሁለት ሽቦ 24 ቮልት ገደማ ይዞ ከፓኔሉ ይወጣል፤ አንድ ፎቅ ላይ ያሉትን ዲቴክተሮች ሁሉ እያገናኘ ሄዶ ጫፉ ላይ አንድ ሬዚስተር ይታሰርበታል፤ ይህ አንድ ዞን ይባላል። ፓኔሉ የሚያየው በዚያ ሽቦ ስንት ከረንት እንደሚያልፍ ብቻ ነው። ጥቂት ካለፈ ሰላም ነው፣ ጨርሶ ካላለፈ ሽቦው ተቆርጧል፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ካለፈ እሳት ነው። ያ መጠን ከአምራች አምራች ይለያያል። ጫፉ ላይ የሚታሰረው ሬዚስተር እንኳ አንዱ ዘንድ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ሌላው ዘንድ 10 ኪሎ ኦም ነው። እንግዲህ ባዕድ ዲቴክተር ጭሱን አይቶ መብራቱን ያበራል እንበል። የሚስበው ከረንት ፓኔሉ ከሚጠብቀው ውጪ ከሆነ ግን ላይ ኮርኒሱ ቀይ ያበራል፣ ታች ጥበቃው ዘንድ ያለው ፓኔል ወይ ዝም ይላል ወይ «ብልሽት» ይላል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ብልሽት» የሚል ጽሑፍ ያየ ጥበቃ ድምፁን አጥፍቶ «ጠዋት ለጥገና እነግራለሁ» ነው የሚለው። አልጋ የያዙት እንግዶች ተኝተዋል።

ኃላፊዋ፦ ይሄ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው ወይስ ለማስጠንቀቅ ያህል ነው?

ቴክኒሺያኑ፦ በደንብ ይደርሳል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ እዚህ አገር ስለሚያጋጥም ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ቀዩን የእጅ ማስጠንቀቂያ በሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ ጠንካራ ብረት ነው፣ ያምራል፣ ምልክቱም ትክክለኛ ነው። አሜሪካ የሚሠራው ተራው ዓይነት ሲጎተት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱን ሽቦዎች ሾርት ያደርጋል። እዚያ አገር ኮንቬንሽናል ፓኔል ሾርትን እሳት ብሎ ያነበዋል። የአውሮፓ ፓኔል ግን በአውሮፓው ደረጃ፣ በኢኤን 54 ክፍል 2፣ የተሠራ ስለሆነ ሾርትን የሚያሳየው ብልሽት ብሎ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ የእጅ ማስጠንቀቂያ ውስጡ ሬዚስተር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 470 ወይም 680 ኦም ነው። የአሜሪካውን ወስደሽ በቀጥታ ከእንግሊዝ ፓኔል ጋር አገናኚው። እሳት ያየ ሰው ሮጦ ይጎትተዋል፤ ፓኔሉ «ዞን ሦስት፣ የሽቦ ብልሽት» ይላል። ሁለቱም ዕቃዎች ደህና ናቸው፤ እንከን የለባቸውም። ሲገናኙ ግን ሕንፃው ማስጠንቀቂያ የለውም።

ኃላፊዋ፦ ሁለቱም የጥራት ምስክር ወረቀት እያላቸው?

ቴክኒሺያኑ፦ አዎ። የምስክር ወረቀቱ የሚናገረው ዕቃው ለብቻው ተፈትኖ ማለፉን ነው። ከየትኛው ፓኔል ጋር ተፈተነ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው ኮድ ኤንኤፍፒኤ 72 ከፓኔሉ በሁለት ሽቦ ኃይል የሚያገኝ የጭስ ዲቴክተር ከዚያው ፓኔል ጋር እንዲሠራ የተመዘገበ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ፓኔል አምራቾች «ከእኔ ጋር የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፣ በአንድ ዞን ላይም ከዚህ ቁጥር አይበልጡም» የሚል የተኳኋኝነት ሰነድ ያወጣሉ። አውሮፓውያኑ ለዚሁ ጉዳይ ኢኤን 54 ክፍል 13 አላቸው። አስመጪ ዘንድ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው ያንን ሰነድ ይሁን። አንድ ገጽ ላይ የፓኔልሽ ሞዴልና የዲቴክተሩ ቁጥር አብረው ተጽፈው ካላሳየሽ፣ የፈለገውን ያህል ርካሽ ቢሆን ተመለሺ።

ኃላፊዋ፦ የእኛ ግን ኮንቬንሽናል አይመስለኝም። ፓኔሉ ላይ የክፍል ቁጥር እየጻፈ ይመጣል።

ቴክኒሺያኑ፦ እንግዲያው አድሬሰብል ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ ጠበቅ ይላል። እያንዳንዱ ዲቴክተር ቁጥር አለው፤ ፓኔሉ በተራ በተራ እየጠራ «አለህ? ምን ታያለህ?» ይላል፣ ዲቴክተሩም ይመልሳል። የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ቋንቋ ማለት ነው፤ ያንን ቋንቋ የማያውቅ ዲቴክተር ምንም ቢያይ አይመልስም። የኩባንያው ስም አንድ መሆኑ ራሱ ዋስትና አይሆንም። ሆቺኪን ታውቂዋለሽ፤ ከ1918 ጀምሮ ያለ የጃፓን ኩባንያ ነው። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራው አድሬሰብል ዕቃ ኢኤስፒ የሚባል ፕሮቶኮል ይጠቀማል፣ አሜሪካ የሚሸጠው ደግሞ ዲሲፒ። ሁለቱም ላይ «ሆቺኪ» ተጽፏል፤ እርስ በርስ ግን አይግባቡም። እስቲ ያንን ያመጣሽውን ገልብጪውና ጀርባውን አንብቢልኝ።

ኃላፊዋ፦ «አፖሎ» ይላል። ከሥሩ «ኤክስፒ95»።

ቴክኒሺያኑ፦ እሰይ! ይሄማ መልካም ዜና ነው። አፖሎ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው፤ ዲቴክተር ይሠራል፣ ፕሮቶኮሉን ግን ለሌሎች ፓኔል አምራቾች ይሰጣል። ክፍት ፕሮቶኮል የሚባለው ይሄ ነው። ኬንቴክም አድቫንስድም ይህንን የሚያነብ ፓኔል ይሠራሉ። ዝግ የሚባለው ደግሞ ፓኔሉንም ዲቴክተሩንም አንድ ኩባንያ ሠርቶ በራሱ ወኪሎች ብቻ የሚሸጠው ነው። ዝግ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ወኪሉ አገር ውስጥ እስካለ ድረስ። ወኪሉ ሱቁን የዘጋ ዕለት ግን ባለ ሕንፃው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ኃላፊዋ፦ የመርካቶውን ፎቶ አንሥቼው ነበር። ይኸው ስልኬ ላይ፣ ጀርባውም ይታያል።

ቴክኒሺያኑ፦ አየሽ? ቮልቴጁን ብቻ ጽፎ ሌላ ነገር የለውም። አድራሻ የለውም፣ ፕሮቶኮል የለውም፤ ኮንቬንሽናል ነው። ብትገጥሚው ፓኔሉ የአራተኛ ፎቁን ቁጥር ሲጠራ መልስ አያገኝም፤ ቀን ከሌት «ዲቴክተር ጠፍቷል» እያለ ይጮኻል። ከዚያ የሚሆነውን እኔ ልንገርሽ፦ ጩኸቱ የሰለቸው ሰው አድራሻውን ዲስኤብል ያደርገዋል። ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ይረሳዋል።

ኃላፊዋ፦ እውነቱን ልንገርዎት፤ አሁንም ዲስኤብል የተደረጉ አሉን። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የሚያውቃቸው ሰው አላገኘሁም።

ቴክኒሺያኑ፦ ዛሬውኑ ዝርዝራቸውን ከፓኔሉ አውጪና የትኛው ክፍል እንደሆኑ እየሄድሽ እዪ። ይህን ቀላል አድርገሽ አትውሰጂው። የአሜሪካው የሕይወት ደኅንነት ኮድ፣ ኤንኤፍፒኤ 101፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ ከሥራ ውጪ ከሆነ ወይ ሰው ከዚያ ይውጣ ወይ የሚዞር ጠባቂ ይመደብ ይላል። እኛ በዚያ ኮድ አንተዳደርም፤ አስተሳሰቡ ግን ለማንም ይሠራል። መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ አራተኛ ፎቅ ላይ ሌሊት የሚዞር፣ የእሳት አደጋን ስልክ ቁጥር 939ን የሚያውቅ፣ የዞረበትን ሰዓት የሚፈርም ሰው መድቢ።

ኃላፊዋ፦ ሥራ አስኪያጁ «ከምንም የማይሻል የለም፣ ለጊዜው ርካሹን ስቀሉት» ነው የሚሉኝ። ለዚህስ ምን ልበላቸው?

ቴክኒሺያኑ፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ተሳስተዋል በያቸው፤ በአክብሮት። ኮርኒሱ ባዶ ሲሆን ሁሉም ሰው ባዶ መሆኑን ያያል፣ ሌሊት የሚዞረውም ሰው ይመደባል። የማይሠራ ዲቴክተር ሲሰቀል ግን ተቆጣጣሪም ያልፈዋል፣ እንግዳም አይቶት ተማምኖ ይተኛል፣ እናንተም ጠባቂውን ታነሣላችሁ። እኔ ባዶውን እመርጣለሁ፤ ለጥቂት ሳምንት፣ ከሚዞር ሰው ጋር።

ኃላፊዋ፦ እሺ። ኤክስፒ95 ካገኘሁስ? አድራሻውን ማን ይሞላልኛል?

ቴክኒሺያኑ፦ በዚህኛው ሥራሽ ቀላል ነው። የአፖሎ አድራሻ ያለው ቤዙ ውስጥ በምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ላይ ነው። ካርዷ ላይ ያሉት ጥርሶች ተሰብረው ቁጥር ይሠራሉ፤ አንድ ሎፕ ላይ፣ ማለትም ዲቴክተሮቹ በታሰሩበት አንድ የሽቦ ዙር ላይ፣ እስከ 126 ድረስ። የዲቴክተሩን ራስ ስትቀይሪ ካርዷ ቤዙ ላይ ስለምትቀር አዲሱ ራስ የድሮውን ቁጥር ይወርሳል። ዓይነቱ ግን ይመሳሰል፤ የጭሱን በጭስ፣ የሙቀቱን በሙቀት። ኩሽና ውስጥ የሙቀት ዲቴክተር የነበረበት ቦታ ላይ የጭስ ብትሰቅይ በየምሳ ሰዓቱ ሆቴሉን ታስወጪዋለሽ። ሌሎች ኩባንያዎች ዘንድ ሌላ ነው። ኖቲፋየር ለምሳሌ አድራሻው ራሱ ዲቴክተሩ ላይ በሁለት ተሽከርካሪ ቁልፎች ነው የሚሞላው። ቀያሪው ሰው አንዷን ቁልፍ በአንድ ቁጥር ቢያሳስት፣ እሳቱ አራተኛ ፎቅ ሆኖ ፓኔሉ ሌላ ፎቅ ብሎ ይጽፋል።

ኃላፊዋ፦ ቢያንስ ግን ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

ቴክኒሺያኑ፦ ይጮኻል፤ ሰው ግን የሚሮጠው ወደተጻፈው ቦታ ነው። የፓሪሱ ካቴድራል ኖትር ዳም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ሲቃጠል ዲቴክተሩ ሠርቷል፤ መልእክቱም ፓኔሉ ላይ ደርሷል። ጠባቂው ግን የሄደው ከካቴድራሉ ጋር ወደተያያዘው ዕቃ ቤት ጣሪያ ነበር፤ እዚያ ምንም አላገኘም። እሳቱ የዋናው ካቴድራል ጣሪያ ላይ እንደሆነ እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። የዚያኛው ችግር የመለዋወጫ አልነበረም፤ መልእክቱን የመረዳት ችግር ነበር። እኔ የማነሣው አድራሻና የቦታ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው እንድታዪ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅያሬ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ በመሞከሪያ ጭስ ሞክሪ፤ ሌላ ሰው ፓኔሉ ፊት ቆሞ የሚጻፈውን በስልክ ያንብብልሽ። ቀይ መብራት በርቷል ብለሽ ከመሰላሉ አትውረጂ።

ኃላፊዋ፦ ያገለገለ ከኢንተርኔት እናስመጣ የሚሉኝም አሉ። ውጭ አገር ከፈረሱ ሕንፃዎች የተነቀለ ብዙ አለ፤ ዋጋውም ሩብ አይሞላም።

ቴክኒሺያኑ፦ ያገለገለ ዲቴክተር? በፍጹም። ውስጡ ያለው ክፍል አቧራ ጠጥቷል፣ ምናልባት ቀለም ተነፍቶበታል፣ በማን እንደተከፈተም አታውቂም። የምስክር ምልክቱ የሚመለከተው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ዕቃ ነው። ካርድ ከሆነ ትንሽ እለሳለሳለሁ፤ የማይመረት የፓኔል ካርድ ሲሞትና ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ ሁሉም ነገር ተሞክሮ፣ አዲስ ፓኔል እስኪመጣ መሸጋገሪያ እንዲሆን ብዬ የምቀበልበት ጊዜ አለ። አዲስ ብለው የሚሸጡልሽንም ቢሆን በዓይንሽ ብቻ አትመኚ። ሣጥኑ ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት ቁጥር ወስደሽ የእንግሊዙ ኤልፒሲቢ ሬድ ቡክ ላይ ወይም የአሜሪካው ዩኤል መዝገብ ላይ ፈልጊው፤ ሁለቱም በነፃ ይታያሉ። አሁን ተነሺና ፓኔሉን አሳዪኝ።

(ወደ መሬት ቤት ወርደው የፓኔሉን በር ከፈቱ።)

ኃላፊዋ፦ ምነው ዝም አሉ?

ቴክኒሺያኑ፦ ይሄንን የሎፕ ካርድ ተመልከቺው። ይህ ሞዴል መመረት ካቆመ ቆይቷል። ዲቴክተር ስታጪ አንድ ቦታ ታጪያለሽ፤ ይህች ካርድ የሞተች ቀን ግን ሎፑ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ችግርሽ በፌስታል ይዘሽው የመጣሽው ዕቃ አይደለም። ለእሱ ምትክ አይጠፋም።

ኃላፊዋ፦ የገጠመው ድርጅትም የለም። ፓስዎርዱም፣ ፕሮግራሙ ያለበት ፋይልም ከእነሱ ጋር ሄዷል። አዲስ ሲስተም እንግዛ ብል ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አይሰሙኝም፤ የውጭ ምንዛሬው፣ ኤልሲው፣ የኮርኒሱ መፍረስ...

ቴክኒሺያኑ፦ ኮርኒስ ማን ይፈርሳል አለሽ? ክፍት ፕሮቶኮል ጥሩ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። አፖሎን የሚያነብ አዲስ ፓኔል ትገዣለሽ፤ ዲቴክተሩ፣ ቤዙ፣ የአድራሻ ካርዱ፣ ሽቦው ባሉበት ይቆያሉ። ሽቦው ኢንሱሌሽኑ ተለክቶ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው። ከዚያ ያረጁትን ዲቴክተሮች በጀት በፈቀደ መጠን ፎቅ በፎቅ ትቀይሪያለሽ። ለሥራ አስኪያጁ ስታቀርቢ «አዲስ ሲስተም» አትበያቸው፤ የፓኔሉን ዋጋ ለብቻው፣ የዲቴክተሩን በየዓመቱ ከፋፍለሽ አሳዪያቸው። ዝግ ሲስተም ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ልነግርሽ አልችልም ነበር፤ ሁሉንም ጣዪ ነበር የምልሽ።

ኃላፊዋ፦ ባትሪዎቹስ? እነሱ ከማንም ሱቅ ይገዛሉ አይደል?

ቴክኒሺያኑ፦ እነሱ ይሻላሉ፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት በተከታታይ ታስረው 24 ይሰጣሉ። ግን ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ከአንድ አምራች፣ በእኩል አምፒር አወር ቀይሪ። ከታዘዘው አታሳንሺ፤ ከቻርጀሩ አቅም በላይም አትሂጂ። የእንግሊዞቹ ደንብ በብዛት የሚጠቀመው ስሌት መብራት ጠፍቶ 24 ሰዓት ጠብቆ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መጮህ እንዲችል ነው። መብራት እዚህ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ኃላፊዋ፦ አዳራሹ ውስጥ ብልጭ የሚሉ መብራቶች አሉ። ግማሾቹ ከሌላ ኩባንያ የመጡ ናቸው፤ ሲሞከሩ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ነው የሚበሩት።

ቴክኒሺያኑ፦ ያንን ወዲያው አስተካክዪው። ብልጭታውን የሚያስማማው ምልክት በየኩባንያው የተለያየ ነው። በአንድ አዳራሽ ሳይገጣጠሙ የሚበሩ ብዙ መብራቶች የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥሉት ይችላሉ፤ ኤንኤፍፒኤ 72 በአንድ እይታ ውስጥ ከሁለት በላይ ሲሆኑ አብረው ይብሩ የሚለው ለዚህ ነው። አንድ አዳራሽ ከአንድ ኩባንያ ብቻ ይሁን፤ የተረፉትን ወደ ሌላ ክፍል ውሰጃቸው፣ ከፓኔሉ ጋር የሚስማሙ ከሆነ። ለመሆኑ የድሮዎቹን የተነቀሉ ዲቴክተሮች የት ነው የምታስቀምጡት?

ኃላፊዋ፦ መጋዘን አለ አንድ ካርቶን። ልንጥለው ነበር።

ቴክኒሺያኑ፦ አትጣይው። አንዳንዶቹ የአዮናይዜሽን ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኤክስፒ95 ውስጥም እንደዚያ ያለ ነበር። ውስጣቸው አሜሪሲየም 241 አለ፣ ግማሽ ዕድሜው 432 ዓመት ነው። ካልተከፈተ አይጎዳም፤ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ ልጆች ሲሰብሩት ወይም ሲቃጠል ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርባቸው ላይ ሦስት ቅጠል የሚመስለው የጨረር ምልክት ያለባቸውን ለይተሽ ቆልፊባቸውና የጨረር ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጠይቂ።

ኃላፊዋ፦ ለአዲሱ ፓኔል ጨረታ ስናወጣ ምን ልጻፍ? ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ እንዳንገባ።

ቴክኒሺያኑ፦ ፓኔሉ የትኛውን ፕሮቶኮል እንደሚያነብ በስም ይጻፍ፤ «አድሬሰብል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ጨረታ ማንም የፈለገውን እንዲያመጣ ይፈቅዳል። የተኳኋኝነት ሰነዱ ከዋጋው ፖስታ ጋር አብሮ ይግባ። ከጠቅላላው ዲቴክተር የተወሰነው ክፍል መጠባበቂያ ሆኖ ከመጀመሪያው ጭነት ጋር ይምጣ፤ ኤልሲ በየአምስት ዲቴክተሩ መክፈት አያዋጣም። ከሁሉ በላይ የፕሮግራሙ ፋይል፣ የማስገቢያው ሶፍትዌርና ፓስዎርዱ የሆቴሉ ንብረት መሆናቸው ውሉ ውስጥ ይግባ።

ኃላፊዋ፦ ፓስዎርዱን ላለመስጠት ቢያንገራግሩስ? «የኩባንያ ምሥጢር ነው» ይላሉ እኮ።

ቴክኒሺያኑ፦ የመጨረሻው ክፍያ ከርክክቡ ጋር ይታሰር። ርክክብ ማለትም ፋይሉ በእናንተው ላፕቶፕ ተከፍቶ፣ ፓኔሉ ውስጥ ገብቶ፣ በየፎቁ በጭስ ተሞክሮ፣ የተጻፈው ስም ከክፍሉ ቁጥር ጋር ሲመሳሰል ነው። ቀኑን ስትቆርጡ አሳውቂኝ፤ መሰላሉን ያዘጋጁልኝ እንጂ የመሞከሪያውን ጭስ እኔ ይዤ እመጣለሁ።